ሳላየው የወረድኩት የሸኮ ተራራ

ቅዳሜ ንጋት፣ ሚዛን ተፈሪ

ሚዛን ተፈሪ ከዝናብ ጋር ነቃች። ሆቴሉ በር ላይ ቆሜ አዲሱን ጫማዬን አደንቃለሁ። ለዚህ ጉዞ ብዬ መርካቶ የገዛሁት ነው፤ ሻጩ ራስ ዳሸንን ያስወጣል ብሎኝ አምኜዋለሁ። ሱሪዬ ኪስ በኪስ ነው፣ ኮፍያዬ ደግሞ ለሁለት ሰው ጥላ ይሆናል። ባለቤቴ ስንዱ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ዘመቻ ነው እንዴ?» አለች።

ስንዱ ዓምና ጉልበቷ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል። ከዚያ ወዲህ እኔ ራሴን በአስታማሚነት ሾሜያለሁ። ደረጃ ስትወጣ ክንዷን እይዛለሁ፤ ገበያ ልውጣ ስትል እኔ እሄድልሻለሁ እላለሁ። ለጋዜጣ የምጽፍበትን ይህንንም ጉብኝት የመረጥኩት አብዛኛው በመኪና ነው ስለተባልኩ ነው።

ቡድናችን ትንሽ ናት፤ እኛ ባልና ሚስቱ፣ ከሐዋሳ የመጡ ሁለት እህትማማች መምህራን፣ አስጎብኚያችን ተካልኝና ሹፌራችን ጋሽ ከድር። ተካልኝ ሠላሳዎቹን የጀመረ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር የቤንች ልጅ ነው። ጋሽ ከድር የጅማ ሰው ናቸው፤ ይህን መንገድ ጸጉራቸው ጥቁር ሳለ ጀምሮ ነድተውታል።

ረፋድ፣ ወደ ሸኮ

መንገዱ ጠጠር፣ ጭቃ፣ እንደገና ጠጠር ነው። ግራና ቀኙ ከትልልቅ ዛፎች ሥር ቡና፣ ከቡናው መሐል ኮረሪማ፣ ከየቤቱ ጀርባ እንሰትና ሙዝ። ዛፍ ላይ የተሰቀለ የንብ ቀፎ ባየሁ ቁጥር ለእህትማማቾቹ አስረዳለሁ። ታላቅየዋ በትሕትና ትሰማኛለች፤ ታናሽየዋ አንገቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች። መንገድ ዳር አናናስ ገዛን። አዲስ አበባ አንዱን በሚሸጡበት ዋጋ እዚህ እቅፍ ሙሉ ይሰጣሉ። ተካልኝ ልጦ አደለን፤ ጭማቂው በአዲሱ ሱሪዬ ኪሶች ላይ ወረደ።

ቀትር፣ ከሸኮ በላይ

መኪናው መውጣት የሚችለው እስከ አንዲት ሜዳ ድረስ ነው። ከዚያ በእግር በጫካው ውስጥ ተወጥቶ ጫፉ ላይ ሲደረስ፣ ተካልኝ እንዳለው፣ እስከ ቴፒ ያለው አገር በሙሉ ከታች ይታያል። እኔ ለስንዱ ቀድሜ ወሰንኩላት። ጋሽ ከድር ሬዲዮ አላቸው፣ አናናሱም አለ፣ አንቺ እዚሁ ትቆዪናለሽ አልኳት። እሷ ግን ተካልኝን ምርኩዝ የሚሆን እንጨት እንዲፈልግላት ጠየቀችውና ከሁላችን ቀድማ ጀመረች።

አንባቢዎቼ፣ ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ተረከዜ ተልጦ ነበር። ራስ ዳሸንን ያስወጣል የተባለው ጫማ የሸኮን ዳገት አልቻለም። ትንፋሼን ለመደበቅ እየቆምኩ የዛፍ ፎቶ አነሳለሁ። ጉሬዛዎች ከላይ ሆነው ቁልቁል ያዩኛል። ስንዱ ከፊት እንጨቷን እየተከለች፣ አንድ እግሯን አስቀድማ፣ ቀስ ብላ ትወጣለች። አንድ ጊዜም አላረፈችም።

በመጨረሻ የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጥኩና እዚህ ወፎች ልመልከት አልኩ። ማንም አላመነኝም። ተካልኝ ከዚህ እንዳልንቀሳቀስ አስጠነቀቀኝ። ስንዱ ልትቀር ነው ብዬ ስጠብቅ «መጣሁ» ብላኝ ከነሱ ጋር ሄደች።

ከሰዓት፣ ጉሙ ውስጥ

ከሄዱ ብዙም ሳይቆይ ጉም መጣ። ዛፎቹ አንድ በአንድ ጠፉ። እኔም ጉልበቷ ከድቷት ገደል ስትገባ በዓይነ ሕሊናዬ ማየት ጀመርኩ። ከዚያ ከግራ በኩል ጩኸት ሰማሁ፤ ሴት የምትጣራ መሰለኝ። ኮፍያዬን ከግንዱ ላይ እንኳ ሳላነሳ «ስንዱ!» እያልኩ ወደ ድምፁ ሮጥኩ። ዳገቱ ላይ ያልነበረኝ ጉልበት ከየት እንደመጣ አላውቅም።

ጯሂው ወፍ ነበር። ከራሴ በላይ ካለ ቅርንጫፍ ክንፉን አማትቶ ሄደ። ዞር ስል መንገድ የለም። ወዲያ አልኩ፣ ወዲህ አልኩ፤ እርጥቡ ቅጠል አንሸራተተኝና በጀርባዬ እየተንሸራተትኩ ወርጄ አንድ የቡና እግር አቅፌ ቆምኩ።

ማሳው የአንዲት የሸኮ ሴት ነበር። አማረች ነው ስሟ። ያዘለችውን ቅርጫት አውርዳ አየችኝ።

«ከላይ መጣህ?» አለች። «መንገድ እኮ እዚያ ነው።»

ሚስቴ ጠፋች አልኳት። እጄን፣ እግሬን ነካክታ አለመሰበሬን ካረጋገጠች በኋላ ጭቃዬን አይታ ሳቀች። ቀጥላም ቅርጫቷን ትታ፣ እጄን እንደ ልጅ ይዛ ሽቅብ መራችኝ። በመንገድ ላይ ከሷ ጥቂት አማርኛና ከኔ እንባ መካከል የተግባባነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሷም ባል አንድ ጊዜ ማር ቆርጦ ሲመለስ ጉም ይዞት ጫካ አድሯል።

ግንዱ ጋ ስንደርስ ሁሉም እዚያ ነበሩ። ተካልኝ ፊቱ አመድ መስሏል። ስንዱ ኮፍያዬን ደረቷ ላይ ይዛ መሬት ተቀምጣለች። በጣም ጮኻ ስለጠራችኝ ድምጿ ተዘግቷል።

«ተራራው ላይ አልከዳኝም» አለች ጉልበቷን እየነካች። «ኮፍያህን ብቻውን ሳየው ነው የከዳኝ።»

ቁልቁል ስንወርድ ለመጀመሪያ ጊዜ እሷ ክንዴን ያዘች፤ እኔም ዝም ብዬ ተያዝኩ።

ምሽት፣ ቴፒ

ቴፒ ይሞቃል። ባረፍንበት ሆቴል በረንዳ ላይ እግሬን በጨው ውኃ ነክሬ ተቀምጫለሁ። ለጋዜጣው ስለ ተራራው ጫፍ ምን እንደምጽፍ ስንዱን ጠየቅኳት። አላየሁም ብለህ ጻፍ አለችኝ። ይኸው ጽፌያለሁ።

ቆይታ ግን ራሷ ነገረችኝ። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ጉሙ ከሥራቸው ነበር። ከዚያ በአንድ በኩል ተቀደደና ጫካው በተራራ ላይ ተራራ እየሆነ እስከ ሜዳው ወረደ፤ ከየቆርቆሮው ጭስ ይወጣል፣ በሩቅ ወንዝ ያብረቀርቃል። ከሕክምናው በኋላ እንዲህ ያለ ቦታ እቆማለሁ ብላ አስባ አታውቅም። ተቀምጣ አለቀሰች፤ እህትማማቾቹም አይተው እንዳላዩ ሆኑላት።

«እውነቱን ልንገርህ» አለች፣ «ያለ አንተ መውጣቴ ደስ ብሎኝ ነበር። ማንም ክንዴን አልያዘኝም።»

እግሬን ውኃው ውስጥ አየሁ።

«በኋላ ወንዙን ሳየው ‹እየው!› ብዬ ዞርኩ» አለች። «የለህም።»

ወንበሬን ወደሷ አስጠጋሁ። የቱ ጋ እንደነበር እንድታሳየኝ ጠየቅኳት፤ ወደ ጨለመው ተራራ እጇን ዘርግታ ከመጀመሪያው ጀምራ እንደገና ነገረችኝ።