ጋሽ ታደሰ «አልቻልኩም» ያሉ ዕለት

ይህ ነገር የደረሰብኝ ጦርነቱ ወደ እኛ ወርዶ መርሳ በታጣቂዎች እጅ በነበረችበት ጊዜ ነው። ዛሬም መኪና ሲያስል በሰማሁ ቁጥር እጄ ሳላስበው ወደ ሻሼ ይሄዳል።

ባለቤቴ ከመርሳ ወልድያ በሚኒባስ ሰው ያመላልሳል። መኪናዋ የራሳችን ናት፤ ልጆቻችን የሚበሉት ከእሷ ነው። መንገዱ ለመኪና ተዘግቶ ወንዶቹ በእግራቸው ወደ ደሴ ሲወጡ እሱም ወጣ። መንገዱ ሲከፈት ተመልሼ በእሷ አወጣችኋለሁ የሚል ተስፋ ነበረው። ግን ታጣቂዎቹ ከተማ ከገቡ፣ ወደ ሞተሩ አየር በሚገባበት ወፍራም ቱቦ ውስጥ ጨርቅ ወትፊ አለኝና ቦታውን አሳየኝ። አየር ካጣች አትሄድም፤ ካልሄደች ደግሞ ትተዋት ይሄዳሉ ብሎ ነው።

ገቡ ሲባል ተርበተበትኩ። ቤት ሙሉ ጨርቅ እያለ አንዱም አልታየኝ አለ። ከራሴ ላይ ቀዩን ሻሼን አወረድኩና ጫፉን ቀድጄ ወተፍኩት። የቀረውን መልሼ አሰርኩ። እስቲ ሞኝነቴን እዩልኝ።

በማግስቱ ታጣቂዎች መጥተው ቁልፉን ተቀበሉኝ። መኪናዋ ተነሳች፣ አሳለች፣ ጥቁር ጭስ ተፋችና ጠፋች። አለቃቸው ዞሮ አየኝ። ሆን ብለሽ አበላሽተሻት ከሆነ ቤትሽን በላይሽ ላይ አቃጥለዋለሁ አለኝ። ከዚያ መካኒክ አስጠራ።

የመጡት ጋሽ ታደሰ ናቸው። የሰፈራችን ሰው ናቸው፤ ጉራቸው ግን ለጉድ ነው። ታደሰ የማያውቀው ብልሽት ገና ከፋብሪካ አልወጣም ይላሉ። አልቻልኩም ሲሉ የሰማቸው የለም። ያን ቀን የፈራሁትም ይህንኑ ነው።

ሞተሩን ደጋግመው እያስነሱ፣ ከመጥፋቱ በፊት ቀጫጭኖቹን የጎማ ቱቦዎች አንድ በአንድ በጣታቸው ተጫኑ። የተቀደደና አየር የሚስብ ካለ ያፏጫል እያሉ ጆሯቸውን ጣል አደረጉ። ምንም የለም። ያኔ እጃቸው ወደ ወፍራሙ ቱቦ ሄደ።

ማሰሪያውን ፈትተው ጣታቸውን ሰደዱ። ትንሽ ሳብ ሲያደርጉት ቀይ ነገር ብልጭ አለ። ቀና ብለው ራሴ ላይ ያለውን ሻሽ አዩ። ያ አላህ፣ ልጆቼን አልኩ በሆዴ።

አለቃው ከጀርባቸው ቆሟል። ጨርቁን መልሰው ገፉት፣ ማሰሪያውን አጠበቁ። ቢደረስባቸው እሳቸውም አይተርፉም ነበር። እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉና፣

«ሞተሩ ከውስጥ ተበልቷል። እኔ አልቻልኩም» አሉ።

አለቃው ሳቀ። «መካኒክ ብለው የጠሩልኝ አንተን ነው?» ብሎ ጎረቤት እያየ በጥፊ አጮላቸው። በዚያ ሽበት ላይ። ጋሽ ታደሰ ጉንጫቸውን እንኳ አልነኩም። ሰዎቹ መኪናዋን ትተው ሄዱ።

ታጣቂዎቹ ከወጡ በኋላ ባለቤቴ በሰላም ተመለሰ፣ አልሐምዱሊላህ። ጋሽ ታደሰም መጥተው ጨርቁን ራሳቸው አወጡና እጄ ላይ አስቀመጡት። «ዘይነባ፣ ሁለተኛ ስትወትፊ የኔን አሮጌ ቱታ ጠይቂኝ» አሉኝ። ሰዎቹ ተመልሰው ቢመጡስ ብለው ለማንም እንዳልናገር አደራ አሉኝ።

ዛሬ መኪናዋ ወልድያ ትመላለሳለች። የጋሽ ታደሰም ጉራ ተመልሷል። ግን መጎረር ሲጀምሩ የሰፈሩ ሰው «የነዘይነባ ሚኒባስስ?» እያለ ይስቅባቸዋል። ይሄኔ እሳቸው ዝም ይላሉ፤ እኔ አንጀቴ ያራል። ይህን ነግሬያችሁ አደራቸውን ያፈረስኩት ስላላስቻለኝ ነው። የሚስቁት ሁሉ ይስሙልኝ፤ ጋሽ ታደሰ ብልሽቷን አውቀውት ነበር።