በጅቡቲው ክር የታሰሩት

የኤረር በሩ ሳኒ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ሐረር ውስጥ ዓሣ አጥማጅ ነኝ ያለ ሰው ሳይሳቅበት አይቀርም፤ ሳኒ ግን ሰኞና ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ በጭነት መኪና ተንጠላጥሎ ዓለማያ ሐይቅ ይሄዳል፤ ከሰዓት በኋላ ያጠመደውን ቆሮሶ ዓሣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ይመለሳል። የጀጎል ጎረቤቶቹ ዓሣ አይወዱም። «ሽታህ ካንተ ቀድሞ ለሶላት ይደርሳል» እያሉ ይቀልዱበታል። ደንበኞቹ ከግንቡ ውጭ ያሉ ክርስቲያኖች ናቸው፤ በጾም ወራት በተለይ። ከሁሉም የሚያስቸግሩት ደንበኛ ወይዘሮ ወለተሥላሴ ነበሩ። የዓሣውን ጉንጭ ገልጠው ቅላቱን ሳያዩ አይገዙም፤ ከገዙ በኋላ ደግሞ አንድያ ልጃቸውን ሳህሉን ጠርተው ያሸክሙታል።

ሳኒ መረብ የለውም፤ የሚያጠምደው በክርና በመንጠቆ ነው። አብሮት የሚሠራው የእህቱ የዘይነባ ልጅ አሚን ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሲስቅ ድምፁ ሐይቁን የሚሻገር። በ1967 ዓ.ም. አሚን ከጅቡቲ ሁለት ጥቅል አዲስ ክር ይዞ መጣ። የጃፓን ነው ተብሏል። እንደ ድሮው ናይለን አይለጠጥም፤ ደረቅ ነው፤ ውኃ ውስጥ ሲገባ ከውኃው አይለይም። ዓሣው አያየውም፤ አጥማጁም በጭንቅ ነው የሚያየው።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ትልቅ አምባዛ ነከሰ። ሳኒ ከአባቱ በተማረው ቋጠሮ ነበር መንጠቆውን ያሰረው። ያ ቋጠሮ በጥጥ ገመድ ላይ ሰው ይሰቅላል፤ በዚህ ክር ላይ ግን እንደ ቅቤ ቀልጦ ተፈታ። አምባዛው መንጠቆውን ይዞ ሄደ፤ ሳኒ በጀርባው ድንጋይ ላይ ወድቆ ማጅራቱ ተፈነከተ። አሚን ደሙን እያጠበለት ይስቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ቤት ውስጥ ሳምንት ሙሉ ቋጠሮ ሲፈትኑ ሰነበቱ። መንጠቆውን በበሩ ቀለበት ላይ ያስራሉ፤ እግራቸውን ግድግዳ ላይ ተክለው ይጎትታሉ። አንዱ መንጠቆ ተፈናጥሮ የሳኒ ጉንጭ ውስጥ ተተከለ። አሚን ጫፉን ወደ ውጭ ገፍቶ፣ በፒንሳ ቆርጦ አወጣለት። በደምም በስድብም የተገኘው ትምህርት ይህ ነው፦ ጫፉን በዋናው ክር ላይ አምስት ጊዜ መጠምጠም፣ በቀለበቱ መልሶ ማሾለክ፣ በምራቅ ማራስ፣ ቀስ ብሎ ማጥበቅ፣ ከጅራቱም አንድ ጣት ያህል ማስቀረት። ሦስት ጊዜ ብቻ ጠምጥመው በደረቁ ቢያጠብቁት ሲያዩት ያምራል፤ አንድ ጊዜ ቢስቡትም ይይዛል፤ ወዲያና ወዲህ ሲነቀንቁት ግን ይሾልካል። አሚን ችኩል ስለሆነ ሳኒ ዙሩን በአደርኛ ድምፁን አውጥቶ ይቆጥርለት ጀመር። አምስት ሳይባል ማጥበቅ የለም። ሦስት ዓመት እንዲህ እየተቆጠረ ተሠራ።

የሶማሊያ ጦርነት መጥቶ ሐረር ዳር ድረስ ተተኮሰ። እሱ ሲርቅ ደግሞ ሰው ከቤቱ እየተለቀመ ይገደል ጀመር። በ1970 መጋቢት አብዮት ጥበቃዎች አሚንን ከሐይቁ ሲመለስ ያዙት። ጅቡቲ የተመላለሰ ሰው ሰርጎ ገብ ነው አሉ። ቤቱን ፈትሸው ሁለቱን የክር ጥቅል ማስረጃ ብለው ወሰዱ። በዚያው ሳምንት የወይዘሮ ወለተሥላሴ ሳህሉም ወረቀት በትኗል ተብሎ ተያዘ።

የጥበቃዎቹ አለቃ እንደሻው ይባላል፤ ቀድሞ ጊደር መጋላ ገበያ እህል መዛኝ ነበር። ከጥቂት ቀናት በፊት አንድ እስረኛ የቃጫ ገመዱን በጥርሱ በጥሶ ስላመለጠው፣ ዘብ የነበረው ጥበቃ በራሱ ጓዶች ተረሽኗል። እንደሻው ይህን አልረሳም። የጅቡቲው ክር በጥርስ እንደማይበጠስ፣ ሥጋ ውስጥም እንደሚገባ አየ፤ ሰዎቹ ሲያስሩበት ግን ይፈታባቸዋል። የከሰዓቱ የዓስር ሶላት ሲያበቃ ሳኒን አስመጣው።

ግቢው ውስጥ አራት ሰዎች ተንበርክከዋል። ሁለቱን ሳኒ አያውቃቸውም። ሦስተኛው ሳህሉ ነው፤ ከንፈሩ ተሰንጥቋል። በመጨረሻ ያለው አሚን ነው። ውስጥ እግሩ ተተልትሏል፤ አንድ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል።

«ና እስቲ፣ አጥማጁ» አለ እንደሻው። «የዛሬዎቹ አያሙለጨልጩም።»

ጥበቃዎቹ ሳቁ። እንደሻው የክሩን ጥቅል ሳኒ ደረት ላይ ወረወረው። ከአራቱ አንዱ ቢያመልጥ በእሱ ቦታ የሚቆመው ሳኒ እንደሆነ በእርጋታ ነገረው፤ እህል ሲመዝን እንደሚናገረው።

ወደ ሶፊ በሚወስደው መንገድ በጭነት መኪና የወረደ እስረኛ ተመልሶ አያውቅም። መኪናው ከበሩ ውጭ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ሳኒ በደንብ ቢያስር አሚን ማታውን አያይም። አላልቶ ቢያስር ምናልባት ሁለቱም አያዩም። ከዚህ ሌላ የሚመርጠው አልነበረም። የአሚንን ብቻ ለይቶ ቢያላላ እንደሻው ያየዋል፤ ስለዚህ አራቱንም እኩል ለማሰር ወሰነ።

ቢስሚላህ ብሎ ከመጀመሪያው ሰው ጀመረ። ክሩን በእጅ አንጓው ላይ አዙሮ ጫፉን ሲጠመጥም፣ ልማዱ ነውና፣ በአደርኛ ድምፁን አውጥቶ ቆጠረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አላራሰውም። በደረቁ ስቦ ጅራቱን ከሥሩ ቆረጠው። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሳህሉ ጋ ሲደርስ ልጁ፣ «ጋሼ ሳኒ፣ እማዬን አየሃት?» አለው። ሳኒ፣ ደህና ናቸው አለውና እስከ ሦስት ቆጠረ።

አሚን ጋ ሲደርስ ከኋላው ተንበርክኮ መጠምጠም ጀመረ። አንድ። ሁለት። ሦስት። እዚያ ላይ ቆመ። የአሚን ጀርባ ደርቆ ቀረ፤ አራትን እየጠበቀ ነበር። አራት ሳይመጣ ክሩ ሲጠብቅ አንገቱን ደፋ።

እንደሻው ለመፈተን ሳህሉን መረጠ። ጫማውን ጀርባው ላይ ተክሎ ክሩን አንድ ጊዜ በኃይል ሳበው። ልጁ ጮኸ፤ ከአንጓው ደም ወረደ፤ ቋጠሮው ያዘ።

«ይሄ ነው ማሰር» አለ እንደሻው።

የሆነውን ሳኒ ኋላ ከየሰዉ ለቃቅሞ ነው የሰማው። መኪናው ቁልቁለቱን ሲወርድ አሚን እጁን ወዲያና ወዲህ እየነቀነቀ አሾለከው። አጠገቡ የነበረውን ጥበቃ በግንባሩ መትቶ አፍንጫውን ሰበረና ወደ ጫት ማሳው ዘለለ። ተኮሱበት፤ ትከሻውን መቱት፤ አላገኙትም። ጥበቃዎቹ በድንጋጤ የቀሩትን ሦስቱን እዚያው መኪናው ላይ እንደተቀመጡ ጨረሷቸው። ሦስቱም ክሩ እንዳይቆርጣቸው እጃቸውን ሳያንቀሳቅሱ ነበር የተቀመጡት።

እንደሻው በማግስቱ ጠዋት መጣ። የሳኒን ቀኝ እጅ ደፍ ላይ አስዘርግቶ በጠመንጃው ሰደፍ ቀጠቀጠው፤ የትኛው ጣት እንዳሰረ እየጠየቀ፣ ከአውራ ጣቱ ጀምሮ። አልገደለውም። እስረኛ ማምለጡ ከተሰማ የሚረሸነው ራሱ ነውና አራት ተገደሉ ብሎ ጽፎ ነበር። ሲወጣ፣ «አሚን ሞቷል። ሞቷል በል» አለው። ሳኒ በደም የራሰ እጁን አቅፎ አሚን ሞቷል አለ።

ከሳምንታት በኋላ ከሶፊ ጫት እያመጣች የምትሸጠው ሩቂያ ዘይነባ ቤት ገብታ ልጅሽ ድንበሩን አልፏል አለቻት። ዘይነባ አፏን በሻሿ ጠቅጥቃ አለቀሰች። የሳኒ ጣቶች ግን ጠምመው ቀሩ፤ መንጠቆ ማሰር ቀርቶ ቁልፍ መቆለፍ አቃተው።

በሳህሉ አርባ ሰሞን ወይዘሮ ወለተሥላሴ መጡ። ማልቀስ ስለተከለከለ ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አላዘቀዘቁም። አልቀመጥም አሉ።

«አንተ ነህ ያሰርኸው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«የእህትህ ልጅ አመለጠ እያሉ ያወራሉ። ልጄ ጉልበት አንሶት ነው? ታግሎ ቢሆን ይፈታ ነበር?»

 ሳኒ የሚያውቀው እውነት ሳህሉ እጁን ትንሽ ጊዜ ቢነቀንቅ ይበቃው ነበር የሚል ነው። ይህን ቢሰሙ ሴትዮዋ ዕድሜ ልካቸውን በየሌሊቱ የልጃቸውን እጅ ሲነቀንቁ ያድራሉ። እኔን መጥላት ከዚያ ይቀላቸዋል ብሎ አሰበ።

«አይፈታም ነበር» አለ። «የአሚንን አላላሁት። የሳህሉን አጥብቄ ነው ያሰርኩት።»

ወይዘሮ ወለተሥላሴ በጥፊ መቱት። አጭር ሴት ስለሆኑ እጃቸው አገጩን ብቻ ነው ያገኘው። ሳኒ ፊታቸው እንዲደርስላቸው ጎንበስ አለ፤ እሳቸውም ደገሙት።