ያልጠራ እጥበት

በላቦራቶሪው ሁሉም «አጣቢዋ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ምድጃውን የሚጠብቁት ሽማግሌ፣ ጋሼ ምድጃ ናቸው። «ማጠቡ ላንቺ፣ ማድረቁ ለኔ፤ ልብስ ብንሠራ ኖሮ ይሄኔ ከብረን ነበር» እያሉ ያሾፉባታል።

ሥራቸው ለቋሚ ማግኔት የሚሆን የፌራይት ዱቄት መሥራት ነው፤ ቅንጣቱ በዐይን ቀርቶ በተራ ማጉያ የማይታይ፣ የደቃቅ ደቃቅ። እሷ ብረትና ስትሮንሺየም በሟሟበት ውሃ ላይ ኮስቲክ ሶዳ ታንጠባጥባለች፤ ቡናማ ጭቃ ይዘቅጣል። ጭቃው ጨው ስለሚይዝ ደጋግማ ታጥበዋለች። ካጠበችበት ውሃ ጥቂት ቀድታ መፈተሻ ጠብታ ትጨምርበታለች፤ ነጣ ብሎ ከደፈረሰ ጨው አለ፣ እንደገና ማጠብ ነው። ከዚያ ጋሼ ያቃጥሉታል። ምድጃው ከልኩ በላይ ከጋለ ቅንጣቶቹ ተጣብቀው ይፋፋሉ፣ ማግኔቱም ጉልበት ያጣል።

ያን ቀን ውሃው በትንሹ ደፈረሰ። ሰርቪሱ ውጭ ጥሩንባውን ያምባርቃል። «ኧረ ይቺ ምን ታመጣለች!» አለችና ጭቃውን ማድረቂያ ውስጥ ከታ ሮጠች። ለአንድ ወንበር ብላ እኮ ነው!

ይቺ ግን አመጣች። ማግኔቱ ሲለካ ልፍስፍስ ሆነ፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይም ቅንጣቶቹ ፋፍተዋል። የቀረ ጨውም እሳት ውስጥ ቀልጦ እንዲሁ ያፋፋቸዋል፤ ነገር ግን አጣቢዋን ማን ይጠረጥራል? እጇ የታመነ ነው።

«ጋሼ፣ ሙቀቱን በደንብ አይተውታል?» አለች ኃላፊዋ።

«ያየሁ ይመስለኛል» አሉ መነጽራቸውን እየጠረጉ። «እንግዲህ ዐይኔ ይሆናላ። እርጅና ነው፣ ልጄ።»

አጣቢዋ አጠገባቸው ቆማ ምላሷ ተሳሰረ። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው ይቺን ዝምታ ቢያይ ያፍር ነበር።

ምድጃው ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ ጋሼ ዕቃ ቤት ተዛወሩ። እሷ ከዚያ ወዲህ ውሃው ኩልል ብሎ እንኳ ታጥባለች፣ ጸጸት በውሃ የሚለቅ ይመስል። ባሏ «ምን ሆነሻል?» ሲላት «ደክሞኝ ነው» ትላለች። ደክሟት አልነበረም፤ በራሷ አፍራ ነው።

በመጨረሻ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ዕቃ ቤት ገባች። ጋሼ ብርጭቆዎቹን በጣታቸው እየዳሰሱ ይደረድራሉ።

«ጋሼ፣ ዐይንዎ ደህና ነው» አለቻቸው። «ጥፋቱ የኔ ነው። ሰርቪስ እንዳያመልጠኝ ብዬ እጥበቱን ሳልጨርስ ነው የሰጠሁዎት።»

ስድብ ጠብቃ ነበር፤ ቢሰድቧት ደስ ባላት። እሳቸው ብርጭቆውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ደህና ነው? ዐይኔ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እኔኮ የልጅ ልጄን ትምህርት ቤት ማድረስ ትቻለሁ። መኪና ሳላይ አስገጫታለሁ ብዬ። እሷ ደግሞ አያቴ ጠልቶኝ ነው እያለች ታለቅሳለች።»

አጣቢዋ እንባዋ መጣ። «አሁኑኑ ሄጄ ለኃላፊዋ እነግራታለሁ። ምድጃዎን ይመልሱልዎታል።»

«ንገሪያት» አሉ ጋሼ። «ለልጅቷስ ምን ብዬ ልንገራት?»