ሠላሳ ከዘጠኝ ያነሰበት ወረፋ

ተስፋነህ ማለት ከአሥረኛ ክፍል ወጥቶ፣ ፓይተን የሚሉትን የኮምፒውተር ቋንቋ ስልኩ ላይ ቪዲዮ እያየ ብቻውን የለመደ የደብረ ታቦር ልጅ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት አለችው። ለስንዴ መውቂያው ማሽን የወረፋ ድረ ገጽ የሠራውም እሱ ነው። ገበሬው በስልክ ስሙንና የሚጠብቀውን ኩንታል ይሞላል፤ ብዙ ያለው ይቀድማል። በቃ! ይኼ ምን ይከብዳል?

ገበሬው አያ ውቤ ከጋፋት እያለከለኩ መጡ። በታኅሣሥ ሰማዩ ጠቁሯል፣ ክምራቸው ደግሞ ሜዳ ላይ ነው።

«አንተ! የኔ ሠላሳ ኩንታል ከፈንታነሽ ዘጠኝ ኋላ የሚሰለፈው በየትኛው ሕግ ነው? ስንዴዬ እክምሩ ላይ ሊበቅል ነው እኮ!»

ተስፋነህ ገጹን ከፍቶ ራሱን ያዘ። ለካ ፎርም ላይ የሚሞላ ሁሉ ቁጥር ቢመስልም ለፓይተን ጽሑፍ ነው። ሲያወዳድር እንደ ፊደል ከፊት ጀምሮ ነው። የ30 የፊት አኃዝ ሦስት ከዘጠኝ ስለሚያንስ ሠላሳውም አነሰ! አዋቂ ነው የሚሉት ኮምፒውተር ይኼ ነው እንግዲህ።

«ወደ ቁጥር ልቀይረው፣ ይቀመጡ» አለና «ኢንት» የምትለዋን ቃል ጨመረ። ገጹ ጭራሽ ሞተ። ሙላቴ የሚባል ሌላ ገበሬ በቁጥሩ ቦታ «እግዜር ያውቃል» ብሎ ጽፏል፤ ኢንት ይኼን ከየት አምጥታ ቁጥር ታድርገው? ስፒከር ላይ አድርጎ ደወለለት።

«አንተ ሙላቴ፣ ቁጥር ሙላ ተብለህ የለ?»

«ያልተወቃ እህል ይቆጠራል እንዴ? በረከቱን ልታስነሳብኝ!»

«እውነቱን ነው» አሉ አያ ውቤ። «እኔንስ ሠላሳ ብዬ እንድቆጥር አንተው አይደለህ ያስለፈለፍከኝ?»

ተስፋነህ ሊፈነዳ ደረሰ። ቀድመው ቢነግሩት ምን ነበረበት! ደመናው ግን አይጠብቅም። ኩንታሉን ሰረዘና በምትኩ የተዘራው መሬት ስንት ጥማድ እንደሆነ ለየሰዉ እየደወለ ሞላ። መሬትን መናገር ማን ይፈራል? ሙላቴ «ሁለት ተኩል» አለ። ገጹ እንደገና ወደቀ! ኢንት ግማሽ አታውቅም። እያጉረመረመ ግማሽንም በምትቀበለው በ«ፍሎት» ተካት። አያ ውቤ በስምንት ጥማዳቸው አንደኛ ወጡ። ወዲያው ለማሽን ነጂው ለይርጋ ደወለ።

«ጋፋት፣ አያ ውቤ ዘንድ! ፍጠን!»

አያ ውቤ ዱላቸውን አንስተው በሩ ላይ ዞሩ። «ነዶውን ማን ሊያቀብል ነው? ልጆቼ አንበሳሜ ገበያ ናቸው። ተነስ፣ ባጃጅ ጥራ!»

«እኔ? አያ፣ እኔ እኮ የኮምፒውተር ሰው...»

«ግማሽ ቀኔን የበላኸው ማን ሆነና!»

ዝናቡ የወረደው የመጨረሻው ጆንያ ከታሰረ በኋላ ነው። ተስፋነህ አንገቱ ውስጥ የገባውን ገለባ እያከከ፣ ፓይተንንም ሙላቴንም እየረገመ ከዛፍ ሥር ተጠለለ።