ደሳለኝ ያስነበበኝ ወረቀት

ባለፈው ቅዳሜ የልጄ ባል ከውጭ የመጣለትን ስፒከር ሊያሳየኝ ቤቱ ወሰደኝ። ቁመቱ በር ያህላል፤ ውፍረቱ ከመጽሐፍ አይበልጥም። «አባባ፣ ለዚህ ምን ዓይነት አምፕሊፋየር ይስማማዋል?» አለኝ። እንዲህ ያለ ኤሌክትሮስታቲክ ስፒከር ካየሁ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል።

ያን ጊዜ ፒያሳ አንድ የሬዲዮ ጥገና ቤት ከደሳለኝ ጋር እሠራ ነበር። እኔ በትምህርት ቤት ሠልጥኛለሁ፤ እሱ ከአምባ ጊዮርጊስ መጥቶ እየፈታ እየገጠመ የተማረ ነው። ደንበኛ ገብቶ እኔ ፊቱ ቆሜ እያየኝ «ደሳለኝ የለም?» ይላል። መስከረም ላይ ከአገሩ ሲመለስ የባቄላ እሸት ይዞ ይመጣል፤ በር ላይ ቁጭ ብለን እየፈለፈልን እንበላለን። እሸቱን እወደው ነበር፤ እሱን ግን አልወደውም።

በዚያ ሰሞን ማራኪ ሰፈር የሚያስተምሩ መምህር፣ ጋሽ ታደሰ፣ አንድ የውጭ አገር ባልደረባቸው ትቶላቸው የሄደውን ሁለት ስፒከር እንዲያገናኝላቸው ደሳለኝን ጠሩት። ለልጃቸው ምርቃት ደግሰዋል። ደሳለኝ እንግሊዝኛ ስለማያነብ ከስፒከሩ ጋር የነበረውን ወረቀት ይዞልኝ መጣ።

«እስቲ እይልኝ ወንድሜ። ማግኔት የለው፣ ምን የለው፤ ስስ ላስቲክ ብቻ ነው። የሳቸው አምፕሊፋየር ይችለው ይሆን?»

ወረቀቱ በግልጽ ይናገራል። ድምፁ በቀጠነ ቁጥር ስፒከሩ ብዙ ኃይል ይስባል፤ ደካማ አምፕሊፋየር ከተገናኘበት አምፕሊፋየሩ ይቃጠላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

«ማንኛውም ይሆናል ነው የሚለው» አልኩት።

«ሸጋ! እግዜር ይስጥልኝ።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ለድግሱ አብሬው ሄድኩ። ካሴቱ ሲጀምር ሳሎኑ ጸጥ አለ፤ ዘፋኟ መካከላችን የቆመች መሰለን። ደሳለኝ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። ጋሽ ታደሰ ድምፁን ጨመሩት። ክራሩ ሲቀጥን አምፕሊፋየሩ ጠሽ አለና ጢሱ ተትጎለጎለ።

«ምነው አንተ! ምነው አቃጠልከኝ!» ብለው ጮሁ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ለባላገር የሰጠሁ!»

እንግዶቹ ሳቁ። ደሳለኝ «ወረቀቱ እኮ...» ብሎ ጀመረና አየኝ።

«ነግሬው ነበር፤ አይሰማም» አልኩ።

ትክ ብሎ አየኝ። ሽቦዎቹን ቀስ ብሎ ነቀለ፣ ጠቀለላቸውና ወጣ። ከዚያ ወዲያ ሥራ አልገባም።

በሳምንቱ ጠንካራ አምፕሊፋየር ፈልጌ ለጋሽ ታደሰ ያገናኘሁላቸው እኔ ነኝ። ስሜም የገነነው ከዚያ ወዲህ ነው። ከዓመታት በኋላ አውቶቡስ ላይ ያገኘሁት ያገሩ ሰው ስለ ደሳለኝ አጫወተኝ። ጎረቤት የተበላሸ ሬዲዮ ሲያመጣለት «እኔ አላውቅም» ብሎ ይመልሳል አሉ።

ለልጄ ባል የሚሆነውን በትክክል ነገርኩት። ዛሬ ሰው ምክሬን ያምናል፤ ቅን ሽማግሌም ይለኛል። መዋሸቴን ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ። ያን ዕለት ግን እራቴን በልቼ፣ ደስ ብሎኝ፣ ጥሩ እንቅልፍ መተኛቴን ለሳቸውም አልነገርኳቸውም።