«ቀረ» ብዬ የጻፍኩት ሰው

ይህን እስከ ትናንት ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። በየጾሙ መግቢያ ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቴን እዘረዝራለሁ፣ ቁጣዬን እዘረዝራለሁ፣ ቅዳሴ ላይ ማንጎላጀቴን እንኳ አልደብቅም። «ሌላስ?» ይሉኛል። «ሌላ የለኝም አባቴ» እላለሁ። ሌላ አለኝ። እንግዲህ ይህን የምታነቡም የምትሰሙም ለአንድ ጊዜ በእሳቸው ቦታ ተቀመጡልኝ። መልስ አትስጡኝ፤ ስሙኝ ብቻ።

እኔ የእድር ጸሐፊ ነኝ። የተወለድኩት ላስታ ነው። ባሌ አቃቂ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ ሲያገኝ ተከትዬው ቃሊቲ ገባሁ፤ እሱ አረፈ፣ እኔ ቀረሁ። ልጅ አልሰጠንም። ዘመዶቼ ሁሉ እዚያው አገር ቤት ናቸው። አባቴ የብራና መጽሐፍ ጸሐፊ ስለነበር ቁም ጽሕፈት አስተምሮኛል፤ የሰፈሩ ሰው ፊደሌን አይቶ መዝገቡን ሰጠኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማን ለቅሶ እንደደረሰና ማን እንደቀረ የምጽፈው እኔ ነኝ።

አሠራሩን ላስረዳ፤ ጥፋቴ ያለው እዚያ ውስጥ ነውና። ሰው ሲሞት ጥሩንባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ አግዳሚው ይደረደራል፣ ከሰዓት በኋላ እኔ መዝገቡን ይዤ ቆሜ ስም እጠራለሁ። «አለሁ» ያለ አለ። ዝም ያለውን «ቀረ» ብዬ እጽፈዋለሁ፤ ከጎኑ ምክንያት የሚሞላበት ቦታ አለ። ታሞ። አገር ቤት ሄዶ። አራስ ናት። ያለ በቂ ምክንያት ሦስት ጊዜ የቀረ ከእድሩ ይሰረዛል። ሕጉ ክፉ አይደለም። ብቸኛ ሰው ያለ ቀባሪ እንዳይቀር የወጣ ሕግ ነው። እኔን ለመሰለ ሰው የወጣ ሕግ ነው።

ጋሽ ሸምሱ የስልጤ ሰው ነበር። ሱቁ ከሰፈራችን መግቢያ ላይ ነበር፤ ዘይት፣ ሳሙና፣ የስፌት ክር ይሸጥ ነበር። እናቴ ስትሞት ወሬው የደረሰኝ ከተቀበረች በኋላ ነው፤ መርዶውን የነገረኝም እሱ ነበር። ሱቁን ሳይከፍት በጠዋት መጣ። አብሮት ባለ ጋራዡ ጋሽ በላይ ነበር፤ ያኔ ሁለቱ አይለያዩም ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ጋሽ ሸምሱ አግዳሚው ላይ ከእኔ ጋር ተቀመጠ። አንዱ ጎንበስ ብሎ እናቷን ታውቃት ነበር ወይ ብሎ ጠየቀው። «እናቷን እንኳ አላውቃትም፤ እሷን ግን አውቃታለሁ» ሲል ሰማሁት። እኔ ይህን ሰምቻለሁ። ሰምቼም ያደረግኩትን አድርጌያለሁ።

አሁን ወደ መሪው ልምጣ። አገሪቱን ለረጅም ዓመታት የገዙ ሰው ነበሩ። ስማቸውን አልጽፍም። የሠሩትን ደግና ክፉ የሚያውቁ ይጻፉት፤ እኔ የማውቀው ዘመናቸው በእኛ ሰፈር እንዴት እንዳለፈ ነው። ከተማውን የያዙ ዕለት ባሌ በሩን ዘግቶ ሬዲዮ ሲሰማ ነበር፤ እኔም ስሰማ ወጡ አረረ። ጦርነቱ የመጣ ጊዜ ከሰፈራችን የዘመቱ ሁለት ልጆች ለቅሶ በመዝገቤ ገባ። አስፋልቱን ሊመርቁ የመጡ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ቆመን ያየነው የመኪናቸውን ጥቁር መስታወት ነው። ከዚያ ያ የምርጫ ዓመት መጣ። የጋሽ ሸምሱ የበኩር ልጅ ጅብሪል ጠዋት ከቤት ወጣ፤ በሦስተኛው ቀን አባቱ ሬሳውን ከሆስፒታል ተረከበ። ድንኳን እንዳይተከል ተባለ። የእድራችን ዳኛ እሺ አለ። ጥሩንባ አልተነፋም። እኔም መዝገቡን ከሳጥኑ አላወጣሁትም። ይህም አለብኝ። ለዚያ ልጅ ስም አልጠራሁም።

መሪው በሥልጣን ላይ እንዳሉ ሞቱ። በየሰፈሩ ድንኳን ይተከል ተባለ። ከቀበሌ አንድ አስተባባሪ መጥቶ ድንኳናችንን፣ አግዳሚያችንን፣ በመጨረሻም መዝገባችንን ጠየቀ። ትልቅ ሰሌዳም ይዞ መጣ፤ የመሪው የሥልጣን ዘመን በፎቶ ተለጥፎበታል፤ ጫካ ሳሉ፣ ከተማ ሲገቡ፣ ድልድይ ሲመርቁ፣ ከውጭ አገር መሪዎች ጋር ቆመው፣ የምርጫ ሳጥን ፊት። ከየፎቶው ሥር የሚጻፈውን በወረቀት ሰጠኝና በዚያ ባማረው ፊደልሽ ጻፊልን አለኝ። ደስ አለኝ። ለምን እደብቃለሁ? ደስ አለኝ። ከምርጫው ፎቶ ሥር «ሕዝቡ በነፃነት ድምፁን የሰጠበት ቀን» ብዬ ጻፍኩ። አባቴ ለዳዊት በተጠቀመበት ፊደል ነው የጻፍኩት።

በመጀመሪያው ቀን ስም ከመጠራቱ በፊት ጋሽ ሸምሱ መጣ። ጋሽ በላይ አብሮት ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። ጋሽ ሸምሱ ሰሌዳው ፊት ቆሞ አንድ በአንድ አነበበ። የምርጫው ፎቶ ላይ ሲደርስ ብዙ ቆየ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ።

«ፊደሉ ያንቺ ነው» አለኝ።

«የኔ ነው ጋሽ ሸምሱ።»

«እስቲ ንገሪኝ፣ እኚህ ሰው መቼ ነው የእድራችን አባል የሆኑት?»

ጋሽ በላይ ሳቁን በመዳፉ አፈነ። «ኧረ ዝም በል አንተ፣ ሰምተው የእድሩ ዳኛ እንዳያደርጓቸው።»

ጋሽ ሸምሱ አልሳቀም። «ለጅብሪል ድንኳን ተከልክያለሁ» አለ። «እዚህ ገብቼ ማንን ላልቅስ?» ይህን ብሎ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ስም ጠራሁ። አስተባባሪው ከጎኔ ቆሟል። የሸምሱ ስም ላይ ደረስኩ፤ ዝም። «ቀረ» ብዬ ጻፍኩ። መጥቶ ነበር እኮ። በእግሩ መጥቶ፣ ቆሞ፣ አንብቦ ሄዷል። ግን ሕጉ ስም ሲጠራ ያልተገኘ ቀረ ነው የሚለው፤ እኔም ሕግ አክባሪ ነኝ። በሁለተኛው ቀን ቀረ። በሦስተኛው ቀን ቀረ። ለእድራችን አባል ላልሆነ ሰው ለቅሶ የእድራችንን መዝገብ ገልጬ ስም ስጠራ ነውር መሆኑ አልታየኝም። ወይስ ታይቶኝ ነበር?

በሦስተኛው ቀን አስተባባሪው ጣቱን ባዶው ቦታ ላይ አሳርፎ ምክንያቱ ለምን አልተሞላም አለኝ። አልጮኸብኝም። አላስፈራራኝም። ጠየቀኝ እንጂ ሌላ ምንም አላደረገም። «ታሞ» ብዬ መጻፍ እችል ነበር። ሁለት ፊደል ነው። ስኳር እንዳለበት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ውሸት እንኳ አይሆንም ነበር። እኔ ግን መዝገብ ላይ አልዋሽም ብዬ የምኮራ ሴት ነበርኩ። ጋሽ ሸምሱ የተናገረውን ቃል በቃል ጻፍኩት። መሪው መቼ አባል ሆኑ ያለውን ጻፍኩ። ማንን ላልቅስ ያለውን ጻፍኩ። ቦታው አልበቃ ሲለኝ ወደ ኅዳጉ ወጥቼ ጨረስኩት። ከዚያ ሦስት ጊዜ ቀርቷልና በሕጉ መሠረት ማስመሪያ አምጥቼ በስሙ ላይ መስመር አሰመርኩ። አስተባባሪው ገጹን ቀዶ ወሰደው። ጽሑፌን አመሰገነልኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ሱቁ ታሸገ። ጋሽ ሸምሱን ወሰዱት። ሁለት ወር አቆይተው ሲለቁት ከስቶ ነበር፤ ገጹን ሳያሳዩት የተናገረውን ሳያጎድሉ አንብበውለታል። እሱም ማን ሰማኝ ብሎ አሰበ። ድንኳኑ ውስጥ ሦስት ነበርን። እናቷን ያለቀስኩላት ሴት አታደርገውም አለ፤ ስለዚህ በላይ ነው አለ። ጋራዡ ደጃፍ ሄዶ ሰው ፊት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከዛሬ ጀምሮ አላውቅህም» አለው። ጋሽ በላይ እጁ በግራሶ እንደተለወሰ ቆሞ ቀረ።

እኔ እዚያ ነበርኩ። ከሳሪስ ከገበያ ስመለስ ነው የደረስኩት፤ ሽንኩርት በፌስታል ይዣለሁ። አሥር እርምጃ አልርቅም ነበር። «እኔ ነኝ» ማለት ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? አላልኩም። ቤቴ ገባሁ፣ ሽንኩርቱን አስቀመጥኩ፣ ውዳሴ ማርያም ደገምኩ። አንድ ቃል አልሳትኩም።

ጋሽ ሸምሱ ቤተሰቡን ይዞ አገሩ ገባ። ጋሽ በላይ ግን እዚሁ ቀረ፤ ስሙ ጠቋሚው ሆነ። ደንበኛው ሸሸ፣ ጋራዡ ተዘጋ። ለቅሶ ቤት ሲመጣ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ይነሳል፤ እሱ ከአግዳሚው ጫፍ ይቀመጣል። ስሙን ስጠራ «አለሁ» ይላል። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም። እኔም ይህን ሁሉ ዓመት ከመዝገቡ ቀና ብዬ አላየሁትም።

ጋሽ ሸምሱ አምና አገሩ ላይ ሞተ። ልጁ ነኢማ አሁን ትዳር ይዛ ገላን ኮንዶሚኒየም ገብታለች። ባለፈው ወር እድራችን መጥታ በአባቴ ቦታ መዝግቡኝ አለች። ሁላችንም ደስ አለን። ወዲያው ጋሽ በላይን ከአግዳሚው ጫፍ አየችው። ቦርሳዋን አንስታ ቆመች። «የዚያ ሰውዬ ስም በሚጠራበት መዝገብ ላይ የአባቴ ስም አይገባም» አለች። ተንሾካሾኩ። ዳኛው በመጪው እሁድ ይወሰናል አለ፤ ብዙዎቹ ጋሽ በላይ ይሰረዝ ባዮች ናቸው። ሰውዬው አርጅቷል፤ ሳል አለበት፤ ከተሰረዘ የሚያነሳው እድር የለም። መስመሩን የማሰምረው ደግሞ እኔ ነኝ። በዚያው ማስመሪያ።

ትናንት ቤቱ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። እኔ ነኝ የጻፍኩት አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ።

ያኔ እሱንም ለምስክርነት ጠርተውት ኖሯል። ገጹን አሳይተውታል።

«ፊደልሽን ማን ያጣዋል» አለኝ።

ታዲያ ለምን ዝም አልክ አልኩት። ለሸምሱ ሊነግረው ሄዶ በር እንደተዘጋበት ነገረኝ፤ ደጋግሞ ሄዷል፣ አልከፈተለትም፤ ከዚያ ሰውዬው አገሩ ገባ። ሰፈሩ ደግሞ ለምስክርነት መጠራቱን መጠርጠሪያ አደረገበት። ጥቂት ሳለ፤ ሳሉ እስኪያልፍ ጠበቅኩት።

«እኔ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ያረጀሁ ነኝ፤ ልጆችም አሉኝ» አለ። «የአንቺ አገር ሩቅ ነው። እድሩ ቢያስወጣሽ ማን ይቀብርሻል?»

ከዚያ በርጩማ ሳበልኝና ምሳ በልቼ እንደሆነ ጠየቀኝ።

አለቀስኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር። አላለቀስኩም። ምሳ አልበላሁም አልኩት፤ አብረን በላን፤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ውስጤ እንደ ታሸገ ሱቅ ነው፤ ያለው ነገር አለ፣ የሚገባም የሚወጣም የለም።

መሪው አላዘዙኝም። እኔ መኖሬንም አያውቁም ነበር። አስተባባሪው ገጹን ወሰደ እንጂ ቃሉን አላቀበለኝም። ሕጉም ጻፊ አላለኝም። እኔ ጻፍኩት፣ እኔ አሰመርኩት፣ እኔ ዝም አልኩ። አንዱ ዝም ያለው ለእኔ ሲል ነው፤ እኔ ዝም ያልኩት ለእኔ ስል ነው።

እሁድ፣ ስም ከመጠራቱ በፊት፣ ነኢማ ባለችበት ይህን አነባለሁ። ከዚያ መዝገቡን ገልጬ የጋሽ ሸምሱን ስም እጽፋለሁ፤ መጥቶ ነበር ብዬ እጽፋለሁ። ማስመሪያውን በራሴ ስም ላይ አስቀምጬ አሰምራለሁ። ከስሜ ጎን፣ ምክንያት የሚሞላበትን ቦታ፣ ባዶውን እተወዋለሁ።