የክራር ጆሮ

አዲሱን ቤዝ ጊታር እንጅባራ መናኸሪያ ከአዲስ አበባው አውቶቡስ ላይ ስረከብ ጥቅምት ገብቶ ነበር፤ ዝናቡ ግን ወሩን የነገረው ያለ አይመስልም። የአሮጌው አንገት ከተሰነጠቀ ወዲህ ክረምቱን ሙሉ ሳልጫወት ስለከረምኩ ጣቶቼ የሰነፍ ጣት ሆነዋል። ቤት ገብቼ አምፕሊፋየሩ ላይ ሰካሁት። ባዶ ክሮቹን ስመታቸው ደረት ውስጥ የሚገባ፣ ወፍራም ድምፅ ሰጡኝ። ወደ ቀጭኑ ድምፅ ስወጣ ግን ጎመዘዘብኝ።

ለማያውቅ ላስረዳ። አንገቱ ላይ የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች ፍሬት ይባላሉ። ዐሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ተጭነህ ስትመታው ክሩ የባዶውን ድምፅ ራሱን፣ አቅጥኖ፣ ማሰማት አለበት። ካላሰማ ከታች ለየክሩ የተሠራች ብሎን አለች፤ ድምፁ ከፍ ካለ የክሩን መቀመጫ ወደ ኋላ ትስባለህ፣ ከወረደ ወደ ፊት ትመልሳለህ። ሥራው ይኸው ነው። እኔ ጋ ግን አልሆነም። ስስብም ስመልስም ዋልኩ፤ ጎምዛዛው ድምፅ አልለቅ አለ።

መጀመሪያ ክሮቹን ጠረጠርኩና ቀየርኳቸው። ቀጥዬ የእንጅባራን እርጥበት ጠረጠርኩ፤ እንጨቱ አብጦ ይሆናል ብዬ በጋቢ ጠቅልዬ ከግድግዳው አራቅኩት። ባለቤቴ አየችኝና «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ብላ አለፈች። ጋቢው የእሷ ነበር።

ልምምድ ላይ ባሰብኝ። የባንዳችን ሰዎች ዕቃ በሌለበት መጋዘን ውስጥ ነው የምንገናኘው። ዘፋኛችን የአዊኛውን ዘፈን ገና ከማጋመሱ አስቆምኩትና «ቤዙ ቅኝቱን ስቷል!» አልኩ። እርስ በርስ ተያዩ። ከእኔ በቀር የሰማ አልነበረም። ኪቦርድ የሚጫወተው ጓደኛዬ፣ ከልጅነት ጀምሮ አብረን ያደግን ስለሆነ የማይፈራኝ እሱ ብቻ ነው፣ ሳቀ።

«ያንተ ጆሮ እኮ የክራር ጆሮ ነው። አንቺሆዬ ላይ ተቸንክሮ ቀርቷል!»

ቀልዱ መሠረት አለው። ቤዝ ከመያዜ በፊት ክራር ነበር የምጫወተው። ክራር ፍሬት የለውም፤ ለየዘፈኑ በእጅህ ትቃኘዋለህ። ፋብሪካ ያልዳሰሳቸው፣ ከኪቦርዱ ቁልፎች መሀል የሚውሉ ድምፆች አሉ፤ አንቺሆዬን አንቺሆዬ የሚያደርጓትም እነሱ ናቸው። ስለዚህ ቀልዱን እንደ ምስጋና ወሰድኩት። አዲሱ ቤዝ የሚጎመዝዘኝ ጆሮዬ ከፋብሪካው ስለሚበልጥ ነው ብዬ አመንኩ፤ አምኜም አልቀረሁ፣ ለሰው ማውራት ጀመርኩ። በቱነር፣ ቅኝቱ ሲገጥም አረንጓዴ በሚያበራው መሣሪያ፣ መቃኘት ደግሞ ድሮውንም እንደ ነውር ነበር የማየው። ጆሮ ያለው ሰው መብራት አይቶ ይቃኛል?

እሁድ ዳንግላ ሠርግ ነበረን። ሐሙስ ከሰዓት ጓደኛዬ ኪቦርዱን በላስቲክ ጠቅልሎ በባጃጅ ቤቴ ድረስ መጣ።

«በል ዛሬ ይለይለት» አለ። ቱነሩን ቤዙ ላይ ሰካው። ባዶውን ክር መታሁ፤ አረንጓዴ በራ። ዐሥራ ሁለተኛውን መታሁ፤ አሁንም አረንጓዴ።

«ልክ ነው» አለኝ።

«መሣሪያህ ተበላሽቷል። ሁለት ድምፅ ነው የሚሰማው፤ አንዱ ልክ፣ አንዱ ከፍ ያለ።»

ጓደኛዬ ቤዙን ከእጄ ወስዶ አልጋው ላይ አስተኛውና ኪቦርዱን ከፈተ። አንዲት ቁልፍ ብቻ ተጭኖ ያዘ።

«ይሄስ?»

ኪቦርድ ክር የለው፣ ብሎን የለው፣ የሚያብጥ እንጨት የለው። የሰማሁት ግን ሁለት ነው፤ አንዱ ልክ፣ አንዱ ከፍ ያለ።

«ስንት ቁልፍ ነው የያዝከው?» አልኩት። ጣቱን እያየሁ ነበር የጠየቅኩት።

ቀኝ ጆሮዬን በመዳፌ ደፈንኩ፤ ድምፁ ከፍ አለ። ግራውን ደፈንኩ፤ ልክ ሆነ። ክረምት ላይ ጉንፋን ግራ ጆሮዬን ዘግቶት ነበር፤ በኋላ ተከፈተ ብዬ ረስቼዋለሁ። የተከፈተው ተበላሽቶ ኖሯል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል እንዲህ ነው፤ ያን ሁሉ ቀን ብሎን ሳጠብቅ፣ ክር ስቀይር፣ ጋቢ ሳለብስ የከረምኩት ለጤነኛ ዕቃ ነበር።

«ምን ሁነህ ነው? ንገረኝ እንጂ» አለኝ። ነገርኩት። ቁልፏን ለቀቀ፤ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ ቀረ። እሱ ለግራውም ለቀኙም ጆሮዬ አንድ ነበር።

በማግስቱ ያየኝ ሐኪም እንዲህ ያለው አንዳንዴ ይሻላል፣ አንዳንዴ እንደዚሁ ይቀራል አለኝ። ፈራሁ። እኔ እርሻ የማላውቅ፣ ትምህርት ጀምሬ የተውኩ ሰው ነኝ፤ አለኝ የምለው ጆሮዬን ብቻ ነበር። ሰዎችም የሚያውቁኝ በእሱ ነው።

እሁድ ዳንግላ ሄድን። ግራ ጆሮዬን በጥጥ ወትፌ፣ ኮፍያዬን ዝቅ አድርጌ፣ ፍሬቶቹን በዓይኔ እየቆጠርኩ ተጫወትኩ። ሠርገኛው ትከሻው እስኪወልቅ ጨፈረ። የሙሽራው አጎት ግንባሬ ላይ ብር ለጥፈው «እጅዎ ይባረክ» አሉኝ። አንድም ሰው አላወቀብኝም፤ ይሄም አናደደኝ።

ዕቃችንን ሚኒባሱ ላይ ስንጭን ጓደኛዬን ወደ ጎን ሳብኩት።

«ልክ ነበርኩ?» አልኩት።

«ልክ ነበርክ» አለኝ፣ ፊቱን ወደ ገመዶቹ መልሶ።

የዛሬን አያርገውና ይህን ጥያቄ ይጠይቁኝ የነበሩት የባንዳችን ሰዎች ናቸው። እኔም ፊቴን መልሼ «ልክ ነበርክ» ያልኳቸው ቀን ነበር፤ ያን ቀን ልክ አልነበሩም።